መሬት ቆፍሮ ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ፦ ሶዶ ላይ ያዋጣል ወይ?

ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ፔንሲዮን ለመክፈት ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። «ጓሯቸውን ቆፍረው ቱቦ ቀብረው ቤታቸውን በነፃ ያሞቃሉ፣ ያቀዘቅዛሉ» የሚሉ የውጭ ቪዲዮዎች ስልካችሁ ላይ ሳይመጡ አይቀሩም። ነገሩ ውሸት አይደለም። ነፃ ግን አይደለም፤ ሶዶ ላይ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት አያዋጣም ባይ ነን። ለምን?

ዕቃው ጂኦተርማል ሂት ፓምፕ ይባላል። ፍሪጅ የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጥ ያለውን ሙቀት እየሰበሰበ ከኋላው ያወጣዋል። ጀርባው የሚሞቀው ለዚህ ነው። ሂት ፓምፕም እንደዛው ነው፤ ሙቀቱን የሚወስደው ወይም የሚጥለው ግን መሬት ውስጥ ነው። ቱቦው ከ1 እስከ 2 ሜትር በሆነ ቦይ ውስጥ ይዘረጋል፤ ቦታ ከጠበበ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ ውሃ ይዞራል፣ ኮምፕረሰሩ ቀሪውን ይሠራል። ሙቀት ከመፍጠር ሙቀት ማጓጓዝ ስለሚቀል፣ በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ይገኛል። ቁጠባው ከዚህ ይመጣል።

ስዊድን ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ይጠቀሙበታል። እዛ ክረምት ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 10 ሲገባ፣ መሬቱ ትንሽ ጠለቅ ሲሉ ስቶክሆልም አካባቢ ወደ 8 ዲግሪ ነው። ከበረዶ አየር ይልቅ ከ8 ዲግሪ መሬት ሙቀት መውሰድ በጣም ይቀላል። ለወራት ቀን ከሌት ስለሚሞቅም የቁፋሮው ወጪ በዓመታት ውስጥ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሶዶ እንምጣ። ጥቂት ሜትሮች ወረድ ሲባል የመሬት ሙቀት የአካባቢውን የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ይይዛል። ሶዶ ዳሞታ ተራራ ስር፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አማካዩ ወደ 20 ዲግሪ ነው። መሬቱ 20፣ አየሩም 20! የሚጠቅመው ልዩነት የለም ማለት ነው። ለውሃ ጉድጓድ የሚመጣውን ሪግ አስመጥታችሁ 100 ሜትር አስቆፍራችሁ የምታገኙት፣ መስኮት ስትከፍቱ የሚገባውን ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ቆመ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለውንም አትርሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። ጂኦተርማል ሲባል ፍል ውሃና እንፋሎት ትዝ ይለናል። ያ ሌላ ነው። ያ ስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ የሚያወጣው ሙቀት ነው፤ ወላይታም አለው፣ በዱግና ፋንጎና በአባያ ሐይቅ ዳርቻ በኩል። ኦርማት የሚባለው የውጭ ኩባንያ ለዱግና ፋንጎ የፍለጋ ፈቃድ ወስዶ ነበር። ኩባንያው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን 7 ሜጋ ዋት ገደማ አቅም ያለውን የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ መሣሪያ ያቀረበው እሱ ነው። ዘርፉ የራሱ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 981/2008። እንዲህ ያለው ሙቀት መብራት ከማመንጨትም ሌላ ይሠራል፤ ኬንያ ናይቫሻ ላይ የአበባ እርሻ በጉድጓድ እንፋሎት ግሪንሃውሱን ያሞቃል። በእኛ ዞን ፍራፍሬና በርበሬ ማድረቂያ ቢሆን ደስ ይለናል። ግን የቀበሌና የኩባንያ ሥራ እንጂ የአንድ ግቢ ሥራ አይደለም።

ታዲያ ብራችን የት ይዋል? መጀመሪያ ጣሪያ ላይ። ቤታችንን ቀን ምድጃ፣ ማታ ፍሪጅ የሚያደርገው ቆርቆሮው ነው። የድሮው የወላይታ ሳር ቤት ይሄ ችግር አልነበረበትም፤ ወፍራሙ ሳር ፀሐዩንም ብርዱንም ይይዛል። ቆርቆሮ ያደረገ ሰው ኮርኒስ ይምታ። ችፑድ ካልተቻለ አቡጀዲም ከባዶ ይሻላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል የታመቀው ሙቀት እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ተዉለት፣ ወንፊት አድርጉበት። ነጣ ያለ ቀለም ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ፀሐይ ይመልሳል። ያው ኮርኒስ በነሐሴ ብርድ የቤቱን ሙቀት ያቆይላችኋል።

ገና ያልጀመራችሁ ከሆነ ግንበኛውን ከመጥራታችሁ በፊት የቤቱን አቅጣጫ ወስኑ። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙሩ። የምዕራብ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጎትቶ ያስገባል፤ ካለም ትንሽ ይሁን፣ ከፊቱ አቮካዶ ወይም ማንጎ ትከሉ። ሁምቦና አባላ አባያ ቆላው ላይ ላላችሁ ማታ መስኮት ከፍቶ ማደር ትልቁ ማቀዝቀዣ ነው፤ ወባ ስላለ ግን ያለ ወንፊት እንዳትሞክሩት። ከዚያ በላይ ከሞቀ ቬንትሌተር ጨምሩ፤ የሚበላው መብራት ኤሲ ከሚበላው ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው የውሃ ማሞቂያ ነው፤ ቆጣሪውን የሚያስሮጠው አንዱ እሱ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ቦይለር 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በቀን አንዴ ከሆነ በወር ወደ 70 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታሪፉ ብዙ ለሚጠቀም ዋጋ እየጨመረ ስለሚሄድ ይቆረቁራል። ፀሐያማ ጣሪያ ላለው ቤት ሶላር የውሃ ማሞቂያ ይህን ወጪ አብዛኛውን ያስቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደማምን ቦይለሩ ያግዘዋል።

ሂት ፓምፕ ሶዶ ላይ ቦታ ካለው፣ ያ ቦታ ሆቴል ነው። ብዙ ክፍል ኖሮት ሌት ተቀን ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ባለቤት ሙቀቱን ከአየር የሚወስደውን ዓይነት ይጠይቅ። ቁፋሮ የለውም፤ አየራችን ለብ ያለ ስለሆነ ያንኑ ውሃ ቦይለር ከሚበላው መብራት በሲሶ ገደማ ያሞቀዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጋዙን የሚሞላው ማን ነው፣ ኮምፕረሰሩ ቢቃጠል መለዋወጫው ከየት ይመጣል?