አንድ ምስክር ብቻ የሰማው ኮምፒውተር

አያት፣ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ላይ ወርዳችሁ ወደ ደቡብ ብትመለከቱ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ የሚነሱ አውሮፕላኖችን ታያላችሁ። እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍኑና ድምፁ ወደመጣበት በጣታችሁ ጠቁሙ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። አውሮፕላኑ እዚያ የለም፤ ቀድሞ ሄዷል። ድምፅ በሰከንድ ከ300 ሜትር ትንሽ በላይ ብቻ ስለሚጓዝ፣ ጆሯችን የሚነግረን የቆየ ወሬ ነው። ጆሮ "እዚህ ጋ" ይላል፣ ዓይን "የለም፣ እዚያ ጋ" ይላል። የቱን ማመን እንዳለብን የሚወስነው አእምሯችን ነው።

መሐንዲሶች ይህን ሥራ ሴንሰር ፊውዥን ይሉታል። የብዙ ሴንሰሮችን መረጃ አገናዝቦ አንድ የተሻለ መልስ ማውጣት ማለት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው አውሮፓ ውስጥ በጦርነት ዋዜማ ነው። ከባድ ዋጋ ካስከፈሉት ትምህርቶቹ አንዱ የተገኘው ግን ከዚሁ ከቦሌ በተነሳ አውሮፕላን ነው።

ካርታ፣ ጠረጴዛ እና የሰው እጅ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1935 ሮበርት ዋትሰን ዋት እና አርኖልድ ዊልኪንስ የተባሉ ብሪታንያውያን አንድ ቀላል የሚመስል ሙከራ አደረጉ። ዳቬንትሪ ከሚገኘው የቢቢሲ ማሰራጫ የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ በአውሮፕላን ላይ ነጥሮ ሲመለስ መያዝ እንደሚቻል አሳዩ። ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር የብሪታንያ ምሥራቃዊና ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ቼይን ሆም በሚባሉ የራዳር ጣቢያዎች ተጠብቆ ነበር።

ራዳሮቹ ርቀት ላይ ጎበዞች ነበሩ። ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ መለካት ብቻ ነው፤ በ1 ሚሊሰከንድ ከተመለሰ አውሮፕላኑ 150 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለ ማለት ነው። አቅጣጫ ላይ ግን ደካሞች ነበሩ። ሁለት ጣቢያዎች ያንኑ አንድ የጠላት ቡድን አይተው በሁለት የተለያየ ቦታ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ታዲያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ወዴት ይላኩ?

መፍትሔው ለንደን አቅራቢያ ቤንትሊ ፕራዮሪ ውስጥ የተዘጋጀ "የማጣሪያ ክፍል" ነበር። በአንድ ትልቅ የካርታ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በስልክ የሚመጣውን ቁጥር እየሰሙ ምልክት ያስቀምጣሉ። አጣሪዎቹ የየጣቢያውን አቅጣጫ ብዙም ሳያምኑ ርቀቱን ይወስዳሉ። ከአንዱ ጣቢያ 80፣ ከሌላው 60 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱ ቅስቶች የሚቋረጡበት ቦታ ላይ አውሮፕላኑ አለ። ዘግይቶ የመጣውን ይጥላሉ፣ አጠራጣሪውን ያቆያሉ። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራውን ያኔ የሚሠራው ሰው ነበር።

ካልማን፦ ግምትን እና ልኬትን ማስታረቅ

ራዳር የሚያየው አውሮፕላን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ብናስበው የእንጦጦ ተራራም፣ የክረምት ዝናብም፣ የወፍ መንጋም ሞገድ ይመልሳሉ። የመጀመሪያው ማጣሪያ የማይንቀሳቀሰውን መለየት ነው። ወደ ራዳሩ ከሚመጣ ወይም ከእሱ ከሚርቅ ነገር የተመለሰ ሞገድ ድግግሞሹ በትንሹ ይለወጣል፤ የተራራው ግን አይለወጥም። ስለዚህ ተራራው ከምስሉ ላይ ሊሰረዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የቀረው ነጥብም ቢሆን ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ሩዶልፍ ካልማን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዘዴ አሳተመ። ሐሳቡን በቁጥር እንየው። አንድ አውሮፕላን በነበረው ፍጥነት ከቀጠለ አሁን 20 ኪሎ ሜትር ላይ መሆን አለበት ብለን ገመትን እንበል። ራዳሩ ግን 20.4 አለ። ግምታችን ከራዳሩ ይልቅ የሚታመን ከሆነ፣ ወደ ራዳሩ ትንሽ ብቻ ጠጋ እንላለን፤ ለምሳሌ 20.1። ራዳሩ የበለጠ የሚታመን ከሆነ ደግሞ መልሱ ወደ 20.4 ይጠጋል። ማንንም ሙሉ በሙሉ አናምንም፣ ማንንም ሙሉ በሙሉ አንጥልም። የናሳው ስታንሊ ሽሚት ይህን ዘዴ ወደ ጨረቃ ለሚደረገው የአፖሎ ጉዞ አቀናው።

የመከታተያ ሶፍትዌሮች አንድ ተጨማሪ ጥበቃ አላቸው፤ "በር" ልንለው እንችላለን። ራዳሩ ከአራት ሰከንድ በኋላ በድንገት 60 ኪሎ ሜትር ቢል፣ አውሮፕላን በአራት ሰከንድ 40 ኪሎ ሜትር ስለማይዘል ያ ልኬት በሩ ላይ ይቆማል፣ አይገባም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዕለቱ እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የበረራ ቁጥር 302 የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ 157 ሰዎችን ይዞ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ተነሳ፤ ጉዞው ወደ ናይሮቢ ነበር። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ነበሩ።

በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ በነፋስ የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ ጠቋሚዎች አሉ። ሥራቸው ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሠራውን ማዕዘን መለካት ነው። ማዕዘኑ ከልክ በላይ ከሆነ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ከመሬት በተነሱ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር በሦስት አራተኛ ሰከንድ ውስጥ 74.5 ዲግሪ አለ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም።

አሁን እናንተ የቤንትሊ ፕራዮሪ አጣሪ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አንደኛ፣ ሁለቱ ምስክሮች በ59 ዲግሪ ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ 74.5 እውነት ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ ሊሄድ አይችልም ነበር፤ እሱ ግን እየወጣ ነው። በካርታው ጠረጴዛ ዙሪያ ማንም ይህን ቁጥር እንዳለ አይቀበለውም።

ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። በዚያን ቀን የሰማው የግራውን ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ አመነና፣ የጅራቱን አግድም ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ መሪውን አብረው እየሳቡ ታገሉ። ከተነሳ ከስድስት ደቂቃ በኋላ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ኤጀሬ አካባቢ ወደቀ። የተረፈ ሰው አልነበረም። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን በተመሳሳይ መንገድ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል፤ እዚያም መነሻው የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ልኬት ነበር።

የግራው ሴንሰር ለምን እንደተሳሳተ መርማሪዎች አልተስማሙም። የኢትዮጵያው ምርመራ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲል፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ወፍ ሳይመታው አይቀርም አሉ። ለእኛ ጥያቄ ግን ለውጥ የለውም። ሴንሰር ምንጊዜም ሊበላሽ ይችላል፤ በወፍም፣ በሽቦም፣ በውሃም። ጥያቄው ሲበላሽ ማን ይጠይቀዋል የሚለው ነው።

ከሰማይ የመጣው ዱካ

ከአደጋው በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድም፣ ቻይናም፣ ሌሎች አገሮችም ማክስን አቆሙ። አሜሪካ ግን ማብረሯን ቀጠለች። ሐሳቧን ያስቀየራት አንዱ ነገር የመከታተያ መረጃ ነው። የዛሬ አውሮፕላኖች በኤዲኤስ-ቢ ቦታቸውን፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን ራሳቸው በሬዲዮ ያሳውቃሉ። ኤሪዮን የተባለው ኩባንያ መቀበያዎቹን በኢሪዲየም ሳተላይቶች ላይ ስለጫነ፣ የዚያች ስድስት ደቂቃ ዱካ ከጠፈር ተይዞ ነበር። ዱካው ተጣርቶ ከላየን ኤር ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ሁለቱም በተመሳሳይ መልኩ ከፍ ዝቅ ሲሉ ታዩ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2019 የካናዳ የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ ይህን መረጃ ጠቅሰው ማክስን አገዱ፤ አሜሪካም በዚያው ዕለት ተከተለች። ጥቁር ሳጥኖቹ ገና ፓሪስ አልደረሱም ነበር።

ማክስ እንደገና እንዲበር አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ነው። የሶፍትዌሩ ዋና ለውጥ ለመናገር አጭር ነው፦ አሁን ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ አይንቀሳቀስም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ ሥራ መለሰ።

ሦስት ቢሆኑስ?

ሁለት ምስክር ሲጣላ ማን እንደዋሸ አይታወቅም፤ ማወቅ የሚቻለው አንዱ መዋሸቱን ብቻ ነው። ኤርባስ ኤ320 ለዚህ ሦስት የማዕዘን ሴንሰሮች አሉት፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሦስተኛው ይጣላል። ይሄ ችግሩን የሚጨርሰው ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ፈረንሳይ ፐርፒኞ አካባቢ ባሕር ላይ በሙከራ በረራ የነበረ ኤ320 ወደቀ፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ሲታጠብ የገባ ውሃ ከፍታ ላይ በርዶ ሁለቱን ሴንሰሮች አንድ ላይ አደረቃቸው። ሁለቱ የተሳሳቱት ተስማሙ፣ ትክክለኛው በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ።

በሰፈርም እንዲሁ ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ወሬ ቢነግሯችሁ ሦስት ምስክር አገኘን ትላላችሁ። ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ግን ምስክሩ አንድ ነው። የሴንሰር ፊውዥን ሒሳብ የሚሠራው ስህተቶቹ ከተለያየ ምንጭ ሲመጡ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ ሶፍትዌር የሚጽፍ፣ ድሮን የሚሠራ ወይም የሆስፒታል መሣሪያ የሚነድፍ ይኖራል። ኮዱ ውስጥ ከሴንሰር ቁጥር የምታነብበው መስመር ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ውሸት ቢሆን፣ ከዚህ በታች ያለው መስመር ምን ያደርጋል?