ኤሊን ከንብ ቀፎ አካባቢ መጠበቅና ለንብ ንድፊያ የሚሰጥ ርዳታ

ኢትዮጵያ በማር ምርቷ ከአፍሪካ ሀገራት ቀዳሚውን ስፍራ የያዘች ሀገር ናት። ንብ ማነብ በአብዛኛው የሚከናወነው ከመኖሪያ ቤት ብዙም ባልራቀ ጓሮ በመሆኑ ቀፎውና የቤት እንስሳው አንድ ግቢ መጋራታቸው የተለመደ ነው። አህያ፣ ላምና ዶሮ በንብ ሲወረሩ የሚደርስባቸው ጉዳት በገጠሩ ማኅበረሰብ ዘንድ በሚገባ ይታወቃል። በአንዳንድ ግቢዎች ለዓመታት በኖረች ኤሊ ላይ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ድንጋይ የመሰለ ልባስ የለበሰችን እንስሳ ንብ ምን ያደርጋታል የሚል ግምት በሰፊው አለና።

ግምቱ በከፊል ብቻ እውነት ነው። የኤሊ ልባስ በቀንዳማ ሽፋን የተለበጠ አጥንት በመሆኑ የንብ መንደፊያ አይበሳውም። ይሁንና የዓይኖቿ ዙሪያ፣ አንገቷ፣ የእግሮቿ ብብትና የጅራቷ ሥር በስስ ቆዳ የተሸፈኑ ናቸው። ኤሊ በምትጠቃበት ጊዜ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ ስባ በፊት እግሮቿ ትከልላለች። ይህ መከላከያ ከውሻና ከቀበሮ ያድናታል፤ ንብ ግን በእግሮቿና በልባሷ መካከል ባለው ክፍተት ዘልቃ ትገባለች። ሌላው እንስሳ ሮጦ ሲያመልጥ ኤሊ ባለችበት ተከማችታ ስለምትቀር ንድፊያው እየበዛ ይሄዳል። በዚህ ረገድ ከቀፎ አጠገብ በገመድ ታስራ ከተረሳች አህያ ብዙም አትለይም።

በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችና በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት የየብስ ኤሊዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ልባሷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረችው ስትሆን፣ ሁለተኛዋ በኋላ እግሮቿ ጭን ላይ እሾህ መሰል ጉጦች ያሏትና ሙሉ ዕድገት ላይ ስትደርስ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ልትመዝን የምትችለዋ ግዙፍ ኤሊ ናት። ሁለቱም የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት በሀገሪቱ ሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሕጋዊ መንገድ በእጅ የሚገኙትን እንጂ ከዱር የሚለቀሙትን አይደለም።

የኢትዮጵያ ንብ ለማር ሥራ ትጉህ፣ ለቀፎዋም ቀናተኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የምደባ ጥናት ከሰሜን ተራሮች በተወሰደ ስም «ሲሜንሲስ» ብሎ የሰየማት ይህች ንብ፣ ቀፎዋ ሲነካ በርካታ ጠባቂዎችን በአንድ ጊዜ ታሰልፋለች። ሠራተኛዋ ንብ ስትነድፍ ሾካካው መንደፊያዋ ከመርዝ ከረጢቱ ጋር ተቦጭቆ በቆዳው ላይ ይቀራል፤ ከረጢቱም መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል። ከዚሁ ስፍራ ሌሎች ንቦችን የሚጠራ ሽታ ይወጣል። የዚህ ሽታ ዋነኛ ንጥረ ነገር ለበሰለ ሙዝ መዓዛውን የሚሰጠው ውህድ ነው። ንብ አናቢዎች በቀፎ አጠገብ ሙዝ እንዳይበላ የሚመክሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤሊውን በሙዝ ልጣጭ የሚያባብል ባለቤት ይህንን ልብ ሊል ይገባል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከቀፎው አቀማመጥ ነው። የቀፎው መውጫ ኤሊዋ ከምትሰማራበት ሜዳ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞር፣ በፊቱም ወደ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ወይም ቁጥቋጦ እንዲኖር ማድረግ ንቦቹ ከመሬት ከፍ ብለው እንዲመላለሱ ያስገድዳቸዋል። የቀፎው መቆሚያ እግሮች በመሬት ውስጥ ጠልቀው መተከል አለባቸው። አንዲት ትልቅ ኤሊ ያገኘችውን ዕቃ ከመዞር ይልቅ ገፍታ ማለፍን ትመርጣለች፤ ጉድጓድ የመቆፈር ልማድ ያላት ግዙፏ ኤሊ ደግሞ ከመቆሚያው ሥር ልትምስ ትችላለች። በዚህ ሁኔታ የተገለበጠ ቀፎ ለኤሊዋ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡና ለጎረቤቱም አደጋ ነው። ስለዚህ ቀፎዎቹን ለብቻቸው ማጠር ይበጃል። አጥሩ ውስጡን የማያሳይ ቢሆን ይመረጣል፤ ኤሊ ከሽቦ ባሻገር የምታየውን ለመድረስ ሳትታክት ስትገፋ ትውላለችና። ለመካከለኛ ኤሊ እስከ ግማሽ ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ወይም የጣውላ ግድግዳ ይበቃል።

ጉንዳን ወደ ቀፎ እንዳይወጣ ለመከላከል የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በብዙ ስፍራ የሚታይ ልማድ ነው። ዘይቱ የነካውን ሣር የምትግጥ ኤሊ ልትመረዝ ስለምትችል፣ በእግሮቹ ዙሪያ አመድ መነስነስ ወይም ቢያንስ ዘይቱ ያለበትን ስፍራ ማጠር ይገባል።

ከቀፎው ይልቅ ብዙዎች የሚዘነጉት የውኃውን ገበታ ነው። ንቦች በተለይ በበጋ ቀፏቸውን ለማቀዝቀዝ ብዙ ውኃ ይቀዳሉ፤ ለኤሊ የሚቀመጠው ጠፍጣፋ ዕቃ ደግሞ ለእነርሱም እጅግ የሚመች ነው። ንብ አንድ ጊዜ የለመደችውን የውኃ ምንጭ በቀላሉ ስለማትተው፣ አዲስ ቀፎ በሚገባበት ዕለት ጠጠር ወይም ስንጥር እንጨት የተደረገበት ሌላ ውኃ በቀፎው አቅራቢያ ማዘጋጀትና ሳያቋርጡ መሙላት ያስፈልጋል። የኤሊዋን ዕቃ በጥላ ሥር ማድረግና ንብ ከመሠማራቷ በፊት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ማጠጣት ይረዳል።

አበባም እንዲሁ ነው። የማገጥ፣ የአደይና የቁልቋል አበባ ለንብም ለኤሊም ማዕድ ናቸው። ኤሊ አበባውን ስትቀነጥስ በላዩ ያለችውን ንብ አብራ ልትጎርስ ትችላለች፤ በምላስ ወይም በጉሮሮ ላይ የሚደርስ አንድ ንድፊያ በእግር ላይ ከሚደርሱ ብዙዎች የከፋ ሊሆን ይችላል። አበባ መስጠት የፈለገ ሰው ቆርጦ፣ አራግፎ፣ ከቀፎው ራቅ ባለ ስፍራ ቢሰጥ ይመረጣል።

በብዙ አካባቢዎች ዋነኛው የማር ቆረጣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ሁለተኛው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ይከናወናል። በነዚህ ቀናት ኤሊዋን ቀፎው ከመከፈቱ በፊት በር ባለው ክፍል ማስገባትና ንቦቹ እስኪረጋጉ፣ ቢቻል እስከ ማግሥቱ ማቆየት የግድ ነው። ሌሊት ማር በሚቆረጥበት ሁኔታም በቁጥቋጦ ሥር ያደረችውን ኤሊ አስቀድሞ ፈልጎ ማንሳት ያሻል።

አደጋው ከደረሰ የመጀመሪያው ተግባር ኤሊዋን ከስፍራው ማራቅ ነው። ይህንን የሚያደርገው ሰው የፊት መከለያና ጓንት ማድረግ ይኖርበታል፤ ሳይዘጋጁ ሮጦ መግባት ሁለተኛ ተጎጂ ይፈጥራል። ኤሊዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጨለማ ክፍል መውሰድ አብረዋት የገቡት ንቦች ወደ መስኮቱ ብርሃን እንዲሄዱ ያደርጋል። ከዚያም መንደፊያዎቹ በፍጥነት ይነቀላሉ። አብዛኛው መርዝ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ስለሆነ በጥፍር ተጫረ፣ በወረንጦ ተነቀለ የሚለው ከፍጥነቱ ያነሰ ጉዳይ ነው።

ጭንቅላቷን የሰበሰበች ኤሊን በጉልበት መሳብ አይገባም። ጥልቀቱ ከአገጯ በማያልፍ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ውስጥ ሲያስቀምጧት ብዙ ጊዜ አንገቷን ዘርግታ ትጠጣለች፤ በዚህ መካከል አንገቷንና ብብቷን መመርመር ይቻላል። ውኃው መርዙን ከሰውነቷ ለማስወገድ የሚሠሩትን ኩላሊቶችም ያግዛል። የዛለች ኤሊ ግን ጭንቅላቷ ውኃ ውስጥ እንዳይዘፈቅ ከአጠገቧ መራቅ አይገባም። ዓይኗ የተነደፈ እንደሆነ በንጹሕ ውኃ ወይም በሐኪም ቤት የጨው ውኃ ማጠብ እንጂ ለሰው የታዘዘ የዓይን ጠብታ መጨመር ተገቢ አይደለም።

ያበጠው ስፍራ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ ይቻላል። መላ ሰውነቷን ማቀዝቀዝ ግን ስሕተት ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ በመሆኑ ከብርድ ላይ ጉዳት ሲጨመርባት የማገገም ኃይሏ ይዳከማል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋማ ስፍራ፣ በተለይ በሌሊት፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ክፍል ማሳደር ያስፈልጋል።

ኤሊ እንደ ሰው ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው በእግሮቿና በሆዷ አካባቢ ባሉ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ነው። ልባሷ ደግሞ አይለጠጥም። ስለሆነም የአንገትና የብብት እብጠት ከመልክ ጉዳትነት አልፎ ትንፋሽን ሊያውክ ይችላል። አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገትን ወደ ላይ መዘርጋት፣ ከአፍንጫ አረፋ መውጣት፣ የእግሮች መልፈስፈስ ወይም ጭንቅላትን መሰብሰብ አለመቻል ከታየ ወደ እንስሳት ሕክምና ሳይዘገዩ መውሰድ ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለከብትና ለበግ ጥገኛ ተሕዋስያን በስፋት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ለኤሊ ገዳይ ነው። በንድፊያ የቆሰለ ቆዳ ትል ቢያፈራ እንኳ ይህ መድኃኒት ሊወጋ አይገባም፤ ባለቤቱም ለሐኪሙ አስቀድሞ ማሳሰቡ ነውር የለበትም። ለሰው የሚሰጡ የአለርጂ ክኒኖችን በግምት ከፍሎ መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ኤሊዋን ለማዳን የገባ ሰው ራሱ ከተነደፈ መንደፊያውን ነቅሎ ስፍራውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ ይበቃዋል። ጭቃ መለጠፍ ቁስሉን ለቴታነስ ሊያጋልጥ ስለሚችል መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የከንፈርና የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በመላ ሰውነት የሚወጣ ሽፍታ ወይም ራስን መሳት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል የሚችል የአለርጂ ምልክት ነው፤ መድኃኒቱም በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን በመሆኑ በሽተኛውን አስተኝቶ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በብዙ ንቦች የተነደፈ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ ይገባል። የኩላሊት ጉዳት ከቀናት በኋላ ሊከሰት ይችላልና፤ የሽንት መጥቆር ከምልክቶቹ አንዱ ነው።