ወንዝ፣ በቅሎና መኪና በኢሉባቦር

የጅቡቲው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ቢገባም ወደ ምዕራብ አልዘለቀም። የኢሉባቦር ነጋዴ ምርጫ ሁለት ነበር፤ ቡናውንና ሰሙን በአጋሰስ ጭኖ ለሳምንታት ወደ ምሥራቅ መጓዝ፣ ወይም ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ወደ ጋምቤላ መውረድ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ስለነበር፣ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ ድረስ ይደርስ ነበር።

ችግሩ ወቅቱ ነበር። መርከቡ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው፤ ቡና የሚለቀመውና የበቅሎው መንገድ የሚደርቀው ግን በበጋ። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው በበጋ አውርዶ ያስረከበው ቡና ውሃው እስኪሞላ በጋምቤላ መጋዘን ይቆያል። መርከቡ በምላሹ ጨውና ጨርቅ ያመጣል። ግሪኮችና ሶርያውያን ሳይቀሩ ጎሬ ላይ ሱቅ የከፈቱት በዚህ ንግድ ነው፤ ከተማዋም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ሆና ደምቃለች።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ፣ ከሱዳን ይተዳደር የነበረው የጋምቤላው ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙም ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ፤ በቅሎውንም የጭነት መኪና ተካው። በበደሌ በኩል ከሚመጣው መንገድ ጎሬን የምትቀድመው መቱ እ.ኤ.አ. በ1978 የአስተዳደር መቀመጫነቱን ከጎሬ ወሰደች። ለዚህ ሽግሽግ መንገዱ ብቻ ምክንያት ነው ማለት ግን ያስቸግራል።