ደጅ የምታንኳኳው ሠራተኛ

የደቡባችንን የወንጌል ታሪክ ስናወራ የዶክተር ቶማስ ላምቢን ስም ሳናነሣ አናልፍም። በ1920 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ሲዳማና ወላይታ ምድር የመጡት እኚህ ሰው ሐኪም ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አቋቁመዋል። ወንጌልና መድኃኒት ወደ አያቶቻችን አገር በአንድ መንገድ መጡ ብንል አልተሳሳትንም። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል።

ብዙም ያልተነገረላችሁ ሌላ ታሪክ አለ። ዘመኑ ሩቅ አይደለም፤ ቦታውም ከሐዋሳ የራቀ አይደለም። ባለታሪኮቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም አሥረኛ ክፍልን የጨረሱ የገጠር ወጣት ሴቶች።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። አገራችን ሐኪም በጣም ጥቂት ስለነበራት፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሕዝቡ ወደ ሐኪም ቤት መምጣት ካልቻለ፣ ሠራተኛው ወደ ሕዝቡ ይሂድ። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻም በዚሁ መንገድ ተሠራ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ በየመንደሩ ሕመምተኛ ፈለጉ፣ ከተቡ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው ባሌ ውስጥ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

በ1995 ዓ.ም. መንግሥት ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው ጀመረው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተባለ። ከየቀበሌው አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ተመርጠው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አንድ ቀበሌ ወደ 5 ሺህ ሰው ይኖርበታል። ከመጸዳጃ ቤት ማስቆፈር እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ 16 ዓይነት የሥራ ጥቅሎች ተሰጧቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ።

ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የምንለው ሪፈራል ሆስፒታልም ሥራ የጀመረው በዚያው ዘመን፣ በ1998 ዓ.ም. ነው። ሕንጻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችንም በምሕረት ወጥተንበታል። ሆኖም ሆስፒታል የመጣለትን ነው የሚያክመው። ያልመጣውን ማን ያያል?

ቲቢን እንውሰድ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሳል ምልክቱ እንደሆነ ዛሬ ብዙ ሰው ያውቃል። የገጠሯ እናት ግን «ብርድ ነው» ትላለች። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ የመኪና ሳንቲም የለም፣ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው የለም። ደግሞም በሽታው ያሳፍራል። ስለዚህ እቤቷ ተቀምጣ ትስላለች፤ ልጆቿም ከእሷ ጋር ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ።

በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ዶክተር ዳንኤል ዳቲኮ እና ኖርዌያዊው ሐኪም በርንት ሊንድተርን ከሐዋሳ በስተደቡብ በሚገኙት የዳሌና የወንሾ ወረዳዎች አንድ ጥናት አካሄዱ። በተመረጡ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የሚስሉ ሰዎችን እንዲለዩ፣ አክታ ሰብስበው ወደ ምርመራ እንዲልኩ፣ ሕክምናውንም እዚያው ቀበሌ እንዲከታተሉ ሠለጠኑ። በቀሩት ቀበሌዎች ሥራው እንደ ቀድሞው ቀጠለ። እንደ ቀድሞው በቀጠሉት ቀበሌዎች ይኖራሉ ተብለው ከተገመቱት ሕመምተኞች ከመቶ 69 ያህሉ ተገኙ። ሠራተኞቹ በተሰማሩባቸው ቀበሌዎች ግን የተገኙት ከግምቱም በለጡ፤ ከመቶ 122 ሆኑ። ወይ ግምቱ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ወይ ለዓመታት ማንም ያላያቸው ሕመምተኞች በየቤቱ ነበሩ ማለት ነው። ልዩነቱ በተለይ በሴቶች ላይ ጎልቶ ታየ።

ከጥቅምት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመላው የያኔው ሲዳማ ዞን ተመሳሳይ ሥራ ተሠራ። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚስለውን ሰው አገኙ፣ አክታውን ስላይድ ላይ ቀቡ፤ ተቆጣጣሪዎችም በሞተር ሳይክል ወደ ላቦራቶሪ አደረሱት። አክታቸው ላይ የቲቢ ጀርም የተገኘባቸው ሰዎች ቁጥር በ100 ሺህ ሕዝብ ከ64 ወደ 127 ከፍ አለ። በሽታው አልጨመረም፤ ፈላጊ ስለተገኘ ታየ እንጂ።

ይህን ቁጥር ስታነቡ በውስጡ ያለውን ድካም አስቡት። በክረምት ጭቃ ዳገት መውጣት ነው። ያልተከፈተላትን በር ነገም ተመልሳ ማንኳኳት ነው። የሌላ ሰው አክታ በእጇ ይዛ፣ እሷም እንዳይዛት እየተጠነቀቀች መሥራት ነው። ማታ የቀኑን መዝገብ ትሞላለች፤ ከወረዳ ሪፖርት ይጠየቃል። ምጥ የያዛት ጎረቤት ስትጠራት ደግሞ በሌሊት ትነሣለች። የዳነው ሰው የሆስፒታሉን ሐኪም ያመሰግናል፤ እሷን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለመዛወር፣ ትምህርቷን ለማሻሻልም ብዙ ትጠብቃለች።

እኛ አማኞች «አገልግሎት» የሚለውን ቃል እንወዳለን። ግን ቃሉ ሌላውን ሰው በነጻ የማሠሪያ ሰበብ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች የሚሠሩ የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ለኑሮ አልበቃንም ብለው ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ከፊሎቹም ሥራ ሲያቆሙ አይተናል። ከእኛ መካከል «ጤና ባለሙያ እንዴት ስለ ገንዘብ ያነሣል?» ያሉ ነበሩ። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን አጥብቆ ይወቅሳል፤ የተራበውን በባዶ እጅ «በደኅና ሂድ» ብሎ የሚሸኘውንም እንዲሁ። ሌሊት ቀሰቅሰን የምናስነሣት ሠራተኛ የቤት ኪራይ አለባት፤ የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት።

ሌላም ነገር አለ። የቲቢ መድኃኒት ለወራት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሕመምተኛው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይሻለዋል፤ አደጋው ያኔ ነው። ካቋረጠ በሽታው ይመለሳል፤ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ሊመለስም ይችላል። እንግዲህ በጸሎት ፕሮግራማችን «ተፈውሻለሁ» ብሎ የመሰከረ ወንድም ክኒኑን ቢጥል፣ ያቺ ሠራተኛ ስንት ዳገት ወጥታ የሠራችውን በአንድ ቀን እናፈርሳለን። እንጸልይለት፤ መድኃኒቱን እስኪጨርስም አብረነው እንቁም። ፈውስን የሚሰጥ ጌታ በምርመራ የሚፈራ አይደለም።

ከእናንተ መካከል ነርስ፣ ሐኪም፣ ላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ለመሆን የምትማሩ አላችሁ። የሚጠብቃችሁ ሥራ ጓንት የሚያልቅበት፣ ወረፋው የማያልቅበት ሊሆን ይችላል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። የዳሌና የወንሾ ታሪክ የሚነግራችሁ ግን፣ በትንሽ ሥልጠናና በትንሽ ዕቃ በታማኝነት የተሠራ ሥራ ማንም ያላያቸውን ሰዎች እንደሚያወጣ ነው። የጤና ትምህርት ለማይማሩትም ድርሻ አለ። በሚቀጥለው ወር የወጣቶች ጉባኤያችሁ በቀበሌያችሁ የምትሠራውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጋብዛት። የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነች አትጠይቋት። የትኛው ቤት እንዳልተከፈተላት፣ የትኛው ሕመምተኛ ሸኚ እንዳጣ ጠይቋት፤ ከዚያም ሁለት ሁለት ሆናችሁ አብራችኋት ውጡ።