በሰማይ ብርሃን ሲታይ ማን ይተረጉመዋል?

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ቀና ብለን ሰማዩን እናያለን።

ጎልቦ ውስጥ መብራት የለም እያልን ብዙ ጊዜ እናማርራለን። ልጆቻችን ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን ቸግሯቸዋልና ማማረራችን ልክ ነው። ቢሆንም ጨለማው አንድ የሰጠን ነገር አለ፤ ናይሮቢና አዲስ አበባ ያለ ሰው የማያየውን ሰማይ እኛ በየሌሊቱ እናየዋለን። ጅራታም ኮከብ፣ ተወርዋሪ ኮከብ፣ በጨረቃ ዙሪያ የሚታይ ቀለበት፣ ግርዶሽ። እንዲህ ያለ ነገር በታየ ቁጥር ከተማሪዎች የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ምን ሊመጣ ነው?»

ጥያቄው የልጆች ብቻ አይደለም። ነገሥታትም ጠይቀውታል። መልሱ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆኗል። እስቲ ከአገራችን ታሪክ አንዱን እንይ።

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን የማያውቅ የለም። ስሟ የብርሃን ተራራ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው መጋቢት 10 ቀን በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ለቀናትም ቆየ። ንጉሡም ቦታውን ወደዱት፣ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፣ ቀጥሎም ሰፊ ቤተ መንግሥትና ለቅዱስ ቂርቆስ ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ከእሳቸው በቅርብ የቀደሙት የኢትዮጵያ ነገሥታት ኑሮ በአብዛኛው በድንኳን፣ ከቦታ ቦታ እየተጓዙ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከዕድሜያቸው የመጨረሻ 14 ዓመታት ውስጥ 12ቱን በደብረ ብርሃን አሳለፉ። አንድ ብርሃን ተንቀሳቃሽ ቤተ መንግሥትን አስቀመጠ ማለት ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችን የምንሰማው እስከዚህ ድረስ ነው። ከብርሃኑ 38 ቀን በፊት፣ የካቲት 2፣ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። በዚያን ቀን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳትና ተከታዮቻቸው በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ተገደሉ። ጥፋታቸው ምን ነበር? ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው፣ ለእመቤታችን፣ ለመስቀልና ለንጉሡ አንሰግድም ማለታቸው ነው። ብርሃኑ ሲታይ ቤተ መንግሥቱ የሰጠው ትርጉም፣ «እግዚአብሔር በፍርዱ መደሰቱን ገለጠ» የሚል ሆነ።

ዘርዐ ያዕቆብን እንዲሁ ጨካኝ ብቻ ብለን እንዳናልፋቸው። ብዙ የጻፉ ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በሰንበት ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተከፋፈለችውን ቤተ ክርስቲያን አስታርቀዋል። ግን ያን ቀን ሰማዩን ቀና ብሎ ያየው ንጉሡ ብቻ አልነበረም። ከሞት የተረፉት ደቂቀ እስጢፋኖስም እዚያው አገር፣ እዚያው ሰማይ ሥር ነበሩ። ለእነሱ ብርሃኑ ወገናቸውን ለገደለው ፍርድ ምስክር ሊሆን አይችልም። ብርሃኑ አንድ ነው፤ የተለያየው ተርጓሚው ነው። ስሙን ለከተማ መስጠት የቻለው ደግሞ ሥልጣን የነበረው ወገን ነው።

የተሸነፉት ግን ዝም ብለው አልጠፉም። ትግራይ ውስጥ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ሆነው መጻሕፍት ጻፉ፣ የራሳቸውን ሰዎች ገድል አቆዩ። እነዚህን የግዕዝ ጽሑፎች ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ያሳተሙልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እሳቸውም ስደተኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ከዚያም አሜሪካ ሚኒሶታ ገብተው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2021 ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የአገራቸውን ብራና ሲያነብቡ ኖሩ። ስደት ላይ ሆኖ ታሪክን ማዳን እንደሚቻል ለተማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

ታዲያ የታየው ብርሃን ምን ነበር? የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት የሰጡት ሐሳብ አለ። ዘመኑን ወደ 1456 አካባቢ አድርገው፣ ብርሃኑ የሃሊ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ይህ ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ተመልሶ ይመጣል። አካሉ በረዶና አቧራ ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ይተንና ረጅም ጅራት ይሠራል። በሐሳቡ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ኮከቡ በዚያ ዓመት ደምቆ የታየው በሰኔ ወር ነበር፤ ዜና መዋዕሉ የሚለው ደግሞ መጋቢት ነው። ስለዚህ ነገሩ እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ክርክር ነው።

የሚገርመው በዚያው በ1456 ኮከቡ አውሮፓም ላይ መታየቱ ነው። የኦቶማን ቱርኮች ቤልግሬድን የከበቡበት ዓመት ነበር። ሕዝቡ ጅራታሙን ኮከብ የመዓት ምልክት አድርጎ ተንቀጠቀጠ። በዚያው ዓመት የሮማው ጳጳስ ካሊክስቶስ 3ኛ ስለ ጦርነቱ ጸሎት አዘዙ። (ኮከቡን አወገዙ እየተባለ የሚወራው ግን ሐሰት ነው።) የመመለሻውን ምስጢር የፈታው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሊ ሲሆን፣ በ1758 ተመልሶ ይታያል ብሎ አስቀድሞ ተናገረ። እሱ ሞተ፤ ኮከቡ ግን በቃሉ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከታየባቸው ዓመታት መካከል 1902 ዓ.ም. እና 1978 ዓ.ም. ይገኛሉ። የሚቀጥለው በ2053 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን እድሜ ከሰጣቸው ያዩታል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ እንመለስ። ጎህ ከመቅደዱ በፊት በምሥራቅ በኩል ወደ ላይ የቆመ፣ እንደ ጦር ጫፍ ሾጠጥ ያለ ደብዛዛ ነጭ ብርሃን ያያችሁ ትኖራላችሁ። ነግቷል ብላችሁ ስትነሱ ተመልሶ ይጨልማል። ሳይንሱ እንደሚለው ይህ ፕላኔቶች በሚዞሩበት ጠለል ላይ የተበተነ ደቃቅ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ የሚታይ ነው። እኛ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይቆምልናል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ፈጅረል ካዚብ፣ ማለትም ውሸተኛው ጎህ ይሉታል። ጾም የሚያዘው፣ የሱብሒ ሰላት የሚደርሰው በእሱ አይደለም። በአድማስ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው እውነተኛው ጎህ እስኪመጣ ይጠበቃል። አንዱን ብርሃን ከሌላው የመለየት እውቀት እንግዲህ ከእኛው መንደር አለ ማለት ነው።

የቦረና ሽማግሌዎችም ሌላ ትልቅ ትምህርት ቤት ናቸው። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ያለ ወረቀትና ያለ መሣሪያ የዘመን አቆጣጠር ይይዛሉ። አዲስ ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደወጣች እያዩ ወሩን ይለያሉ። ቡሳን የሚሏቸው እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው ናቸው፤ በሳ የሚሉት ከሁሉም ኮከብ ደምቆ የሚታየው ሲሪየስ ነው። ዓመታቸው 12 የጨረቃ ወራት፣ 354 ቀን ገደማ ነው። ቀኖቻቸው 27 ስም አላቸው። ይህን ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተባለው መጽሐፋቸው ለዓለም አስረድተዋል። የገዳ ሥርዓት ደግሞ በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ከእኛ ልጆች መካከል የአያንቱ የልጅ ልጆች ይኖራሉ፤ እባካችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ጻፉም።

ግርዶሽም በእኛ በኩል ደጋግሞ አልፏል። ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 15፣ 2010) ፀሐይ ቀለበት መስላ የታየችበት ግርዶሽ ኡጋንዳን፣ ኬንያንና ሶማሊያን አቋረጠ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ 11 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ቆየ፤ ይህን የሚበልጥ እስከ 3043 አይመጣም። ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ ቱርካናን አልፎ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ሄዶ፣ ሶማሊያ ላይ ከጀንበር ጋር ጠለቀ። ከዓለም ዙሪያ ወደ ሲቢሎይ ፓርክ የመጡ ቱሪስቶች በመጨረሻዋ ደቂቃ አቧራና ደመና ጋረዳቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበቷ በላሊበላ ሰማይ ላይ ታየች።

የሚቀጥለው ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2፣ 2027) ነው። በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅና በየመን አድርጎ የሶማሊያን ሰሜናዊ ጫፍ ይሸፍናል፤ እኛ ዘንድ በከፊል ይታያል። አደራ! ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በጥላሸት መስተዋት፣ በራጅ ፊልም ወይም በሳፋ ውኃ ውስጥ አትመልከቱ። የዓይናችን ውስጠኛ ክፍል ሕመም አይሰማውም፤ ሰው እየታወረ አያውቀውም። ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጁ፣ ለፀሐይ ጀርባችሁን ስጡ፣ በቀዳዳው የሚያልፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ተመልከቱ። የተሸራረፈችው ፀሐይ እዚያ ትታያለች። ከግራር ቅጠል ሥር መሬቱ ላይም ብዙ ትንንሽ ፀሐዮች ታያላችሁ።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ሰው በሰማይ ውበት እንዳይደነቅ ፈልገን አይደለም። አማኝ ፈጣሪውን ያመስግን፤ የማርያም መቀነት ሲወጣ እኛም ደስ ይለናል። የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። ሞያሌና አካባቢዋ ብዙ የተፈናቃይ ትውልድ አይተዋል። ደርግ ሲወድቅ የመጡት በዋልዳ ሰፍረው ኋላ ወደ ካኩማ ተወስደዋል፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሞያሌ ግድያ በኋላ ሺዎች ድንበር ተሻግረዋል። በተጎዳና በፈራ ሕዝብ መካከል ወሬ ቶሎ ይቀጣጠላል። ዝናብ ሲቀር፣ ከብት ሲያልቅ፣ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ሲታይ፣ «ይሄ በእነ እገሌ ምክንያት ነው» የሚል አይጠፋም። በሃይማኖትም ይሁን በጎሣ እነ እገሌ የተባሉት ደግሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን በሰማይ ብርሃን ሲታይ «ምን ሊመጣ ነው?» ከማለት በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንለምናለን። ምን ታየ? መቼና በየት በኩል? ትርጉሙን የሚነግረንስ ማነው፣ በማንስ ላይ? ያያችሁትን ቀኑን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን በደብተራችሁ ጻፉና ለክፍል አስተማሪያችሁ ስጡ። የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ ያቆየልን ብራና ላይ የሠፈረ ጽሑፍ ነው፤ የእናንተም ደብተር ለነገ ሰው ይጠቅም ይሆናል።