የ2007 ፊየስታ ቦውል

የ2007 ፊየስታ ቦውል ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አሪዞና ክፍለ ግዛት፣ በግሌንዴል ከተማ የተካሄደ የኮሌጅ አሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ነው። በጨዋታው የቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን «ብሮንኮስ» የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን ቡድን «ሱነርስ» በተጨማሪ ጊዜ 43 ለ 42 አሸንፏል። ጨዋታው በመጨረሻው ደቂቃና በተጨማሪው ጊዜ በታዩት ሦስት የማታለያ ስልቶች ይታወቃል። ከዚህም ሌላ «ከትንሽ ሊግ የመጣ ያልተሸነፈ ቡድን ከታላላቆቹ ጋር የመጫወት መብት አለውን?» የሚለው የደጋፊዎች የቆየ ክርክር በሜዳ ላይ የተፈተነበት ጨዋታ በመሆኑ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው ሕግ

አሜሪካን ፉትቦል በአማርኛ እግር ኳስ ከሚባለው ጨዋታ የተለየ ነው። በየጎኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) በሚረዝመው ሜዳ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ለማድረስ ይሞከራል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራዎች አሉት፤ ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል።

ኳሱን ወደ መጨረሻው ክልል ማስገባት ተችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብም ያስገኛል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል በማሳለፍ 1 ነጥብ መጨመር ይችላል። ከፈለገም ከ3 ያርድ ርቀት እንደገና ሮጦ ወይም ወርውሮ በማስገባት 2 ነጥብ ይሞክራል። የመጀመሪያው ምርጫ ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው። በኮሌጅ ደረጃ ጨዋታው በእኩል ነጥብ ካለቀ እያንዳንዱ ቡድን በተራው ከተቃራኒው 25 ያርድ መስመር ተነስቶ የማጥቃት ዕድል ይሰጠዋል።

የቦውል ጨዋታዎችና የቢ.ሲ.ኤስ. ሥርዓት

ቦውል የሚባለው የኮሌጅ ቡድኖች መደበኛው ውድድር ካለቀ በኋላ በግብዣ የሚያደርጉት ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው በ1902 በካሊፎርኒያ የተካሄደው የዛሬው ሮዝ ቦውል ነው። ሞቃታማ አየር ያላቸው ከተሞች በክረምት እንግዳ ለመሳብ ተመሳሳይ ጨዋታዎችን አቋቋሙ። ፊየስታ ቦውል የተጀመረው በ1971 ሲሆን፣ ምክንያቱም የምዕራብ አትሌቲክስ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን የነበረው አሪዞና ስቴት ጥሩ ውጤት እያለው በታላላቆቹ ቦውሎች አለመጋበዙ ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ ቦይዚ ስቴት ወደዚሁ ቦውል የመጣው የዚያው ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆኖ ነው።

በ2006 የውድድር ዘመን በከፍተኛው ዲቪዚዮን 119 ቡድኖች ነበሩ። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር የሚያደርገው 12 ጨዋታ ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ እርስ በርስ አይገናኙም። ጥሎ ማለፍም አልነበረም። ከ1998 ጀምሮ ሁለቱን የፍጻሜ ተጋጣሚዎች የሚመርጠውና ታላላቆቹን ቦውሎች የሚያደለድለው ቢ.ሲ.ኤስ. የተባለው ሥርዓት ነበር። የቡድኖቹ ደረጃ የሚወጣው ከሦስት እኩል ክፍሎች ነው፤ እነሱም የአሰልጣኞች ድምፅ፣ ሃሪስ የተባለው የድምፅ አሰጣጥ እና የስድስት የኮምፒዩተር ስሌቶች አማካይ ናቸው። ከስድስቱ ስሌቶች ለእያንዳንዱ ቡድን ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣሉ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በስንት ነጥብ ልዩነት እንደተሸነፈ እንዳይቆጥሩ ተከልክለው ነበር፤ የሚያዩት ማን ማንን እንዳሸነፈ ብቻ ነው። ከስድስቱ ስሌቶች አብዛኞቹ ሙሉ ቀመራቸውን ለሕዝብ አላወጡም ነበር፤ ይህም ራሱ የደጋፊዎች ቅሬታ ምንጭ ነበር።

ስድስት ኮንፈረንሶች ሻምፒዮኖቻቸው ያለ ጥያቄ በታላላቆቹ ቦውሎች እንዲገቡ ዋስትና ነበራቸው። የሌሎቹ ኮንፈረንሶች ቡድኖች ግን ጠባብ መስፈርት ማለፍ ነበረባቸው። ከ2006 ጀምሮ አምስተኛ ጨዋታ ሲጨመር መስፈርቱ ላላ፤ ከእነዚህ ኮንፈረንሶች ሻምፒዮኖች አንዱ በደረጃው ከ12ኛ በላይ ከሆነ ቦታ ይረጋገጥለት ጀመር። ቦይዚ ስቴት 8ኛ ሆኖ በመጨረሱ በዚህ መንገድ ገባ። ከእሱ በፊት ከስድስቱ ውጭ ሆኖ ወደዚህ ደረጃ የደረሰው በ2005 ፊየስታ ቦውል ፒትስበርግን 35 ለ 7 ያሸነፈው ዩታ ብቻ ነበር።

ተጋጣሚዎቹ

ኦክላሆማ ከኮሌጅ ፉትቦል ታላላቅ ስሞች አንዱ ነው። እስከዚያ ጊዜ ሰባት ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ነበሩት፤ የመጨረሻውን በ2000 ያገኘው በአሰልጣኝ ቦብ ስቱፕስ ነው። በ2006 የቢግ 12 ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሲሆን 11 አሸንፎ 2 ተሸንፏል። ታዋቂው ሯጩ ኤድሪያን ፒተርሰን ኦክቶበር 14 ቀን የአንገት ሥር አጥንቱ ተሰብሮ ከሜዳ ርቆ ነበር፤ የተመለሰው ለዚህ ጨዋታ ነው።

ቦይዚ ስቴት በአይዳሆ ክፍለ ግዛት የሚገኝ ሲሆን በ1932 የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። ቡድኑ ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን የገባው በ1996 ነው። ከ1986 ጀምሮ በሰማያዊ ሰው ሠራሽ ሣር በተነጠፈ ሜዳ ስለሚጫወት በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሜዳው ቀለም ነበር። አሰልጣኙ ክሪስ ፒተርሰን በዋና አሰልጣኝነት የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነበር። ቡድኑ 12 ጨዋታ አድርጎ ሁሉንም አሸንፏል።

ከጨዋታው በፊት የነበረው ክርክር

ድልድሉ እንደታወቀ የተነሳው ክርክር ከሁለቱ ቡድኖች ያለፈ ነበር። ጥያቄው ተገናኝተው የማያውቁ ቡድኖች በምን ይመዘናሉ የሚል ነው።

ለኦክላሆማ የሚያደሉት፣ 12 ድል በራሱ ትርጉም የለውም፤ ዋናው ነገር ማን እንደተሸነፈ ነው ይሉ ነበር። ማስረጃቸው ቅርብ ነበር፦ በ2005 ቦይዚ ስቴት ከጠንካራው ጆርጂያ ጋር ተጫውቶ 48 ለ 13 ተሸንፏል፤ በዚያ ጨዋታ ኳርተርባኩ ጃሬድ ዛብራንስኪ አራት ኳሶች ተጠልፈውበት ሁለት ደግሞ ከእጁ አምልጠውታል። በአንጻሩ ከኦክላሆማ ሁለት ሽንፈቶች አንዱ በኦሬገን 34 ለ 33 የደረሰበት ነው። የዳኞቹን ስህተት የዳኞቹ ኮንፈረንስ ራሱ አምኖ ለአንድ ጨዋታ አግዷቸዋል። ፒተርሰን መመለሱ ሲጨመርበት ሚዛኑ ያዘነበለ መሰለ፤ አወራራጆችም ኦክላሆማ በአንድ ተችዳውን ያህል ልዩነት እንደሚያሸንፍ ገምተው ነበር።

ለቦይዚ ስቴት የሚከራከሩት በበኩላቸው የዚያኑ ዓመት ውጤት ያነሱ ነበር። ቡድኑ ኦሬገን ስቴትን 42 ለ 14 አሸንፏል፤ ያው ኦሬገን ስቴት ደግሞ በዚያው ዘመን ኃያሉን ዩ.ኤስ.ሲ. 33 ለ 31 ረትቷል። ከሁሉ የከበደው ነጥባቸው ግን ስለ ሥርዓቱ ነበር። ትንሽ ቡድን ደረጃው ዝቅ የሚለው ከጠንካሮች ጋር ባለመጫወቱ ነው፤ ጠንካሮቹ ደግሞ ቢያሸንፉት ክብር የማይጨምርላቸውን፣ ቢሸነፉ ግን የሚያዋርዳቸውን ቡድን ለመግጠም ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ ከዚህ ቀለበት መውጫው ብቸኛ በር ቦውል ነበር ማለት ነው።

የጨዋታው ሂደት

ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊየስታ ቦውልን ባስተናገደው አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስ ስታዲየም ተካሄደ። የተመልካቹ ቁጥር 73,719 ነበር።

ውጤት በየሩብ ጊዜው፦

ቦይዚ ስቴት፦ 14፣ 7፣ 7፣ 7፣ ተጨማሪ ጊዜ 8፤ ድምር 43
ኦክላሆማ፦ 7፣ 3፣ 7፣ 18፣ ተጨማሪ ጊዜ 7፤ ድምር 42

ቦይዚ ስቴት ሳይጠበቅ 14 ለ 0 መራ፤ ለእረፍትም 21 ለ 10 እየመራ ወጣ። በሦስተኛው ሩብ ተከላካዩ ማርቲ ታድማን የተጠለፈ ኳስ ይዞ ተችዳውን ሲያስገባ ልዩነቱ 28 ለ 10 ሆነ። ከዚያ በኋላ ኦክላሆማ የመታው ኳስ የቦይዚን ተጫዋች ነክቶ በኦክላሆማ እጅ ገባ፤ ጨዋታውም ተገለበጠ። ፒተርሰን ተችዳውን አስገባ፤ በአራተኛው ሩብ በእግር የተመታ ባለ 3 ነጥብ ኳስ ተጨመረ። 1 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲቀር ኦክላሆማ ተችዳውንና ባለ 2 ነጥብ ሙከራ አሳክቶ 28 ለ 28 አደረገው።

ወዲያው በቀጣዩ ሙከራ ዛብራንስኪ የወረወረውን ኳስ ማርከስ ዎከር ጠልፎ 33 ያርድ ሮጠና አስገባ። 1 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሲቀር ኦክላሆማ 35 ለ 28 መራ። 18 ነጥብ ሲመራ የነበረው ቡድን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ያጣ መሰለ።

ሦስቱ ማታለያዎች

የመጀመሪያው፦ 18 ሰከንድ ሲቀር ቦይዚ ስቴት በሜዳው መካከል፣ በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ ላይ ነበር፤ የሚፈለገው 18 ያርድ ነው። በቡድኑ የስልት መጽሐፍ «ሰርከስ» የተባለው ስልት ተጠራ። ዛብራንስኪ ለድሪሳን ጄምስ ወረወረ፤ ጄምስ ኳሱን ይዞ ወደ መሃል ሲሮጥ ተከላካዮች ተከተሉት። በዚህ ጊዜ ከተቃራኒ አቅጣጫ ለመጣው ለጄራርድ ራብ ወደ ጎን አቀበለው። ራብ ሮጦ አስገባ፤ የቀረው 7 ሰከንድ ነበር። ተጨማሪዋ ነጥብ ስትቆጠር ውጤቱ 35 ለ 35 ሆነ።

ሁለተኛው፦ በተጨማሪው ጊዜ ፒተርሰን በመጀመሪያው ሙከራ 25 ያርዱን ሮጦ ኦክላሆማን 42 ለ 35 አስመራ። ቦይዚ ስቴት 5 ያርድ ሲቀረው እንደገና የመጨረሻ ሙከራ ላይ ደረሰ። ኳሱ በዛብራንስኪ ፋንታ በቀጥታ ለቪኒ ፔሬታ ተሰጠ። ፔሬታ የሚሮጥ መስሎ ወደ ጎን ከሄደ በኋላ ለዴሪክ ሹማን ወረወረለት፤ ተችዳውን ሆነ። ውጤት 42 ለ 41።

ሦስተኛው፦ አሰልጣኝ ፒተርሰን ነጥቡን እኩል አድርጎ መቀጠል ይችል ነበር። እሱ ግን ሁሉን በአንድ ሙከራ ላይ ጥሎ ለ2 ነጥብ እንዲጫወቱ ወሰነ። «የነጻነት ሐውልት» በተባለው የቆየ ስልት ዛብራንስኪ ባዶ ቀኝ እጁን አንስቶ ወደ ቀኝ የሚወረውር መሰለ። ኳሱ ግን ከጀርባው በግራ እጁ ነበር። ኢያን ጆንሰን ከኋላ ተቀብሎት ማንም ሳይነካው በግራ በኩል ገባ፤ 43 ለ 42። ጆንሰን ወዲያው በቀጥታ ሥርጭት ላይ ተንበርክኮ የቡድኑ ደጋፊ ጭፈራ አባል የነበረችውን ጓደኛውን ለጋብቻ ጠየቃት፤ እሷም እሺ አለች።

የጨዋታው ኮከቦች ተብለው የተመረጡት በማጥቃት ዛብራንስኪ፣ በመከላከል ታድማን ናቸው። ዛብራንስኪ በዚያው ዓመት «ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ፉትቦል 08» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሽፋን ላይ ወጥቷል።

ከጨዋታው በኋላ

ጃንዋሪ 8 ቀን 2007 ፍሎሪዳ ያልተሸነፈውን ኦሃዮ ስቴት 41 ለ 14 ሲያሸንፍ፣ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ሽንፈት ያልቀመሰ ብቸኛ ቡድን ቦይዚ ስቴት ሆነ፤ 13 አሸንፎ 0 ተሸንፏል። ሻምፒዮን የተባለው ግን አንድ ጨዋታ የተሸነፈው ፍሎሪዳ ነው። በአሶሺየትድ ፕሬስ የመጨረሻ ምርጫ ቦይዚ ስቴት 5ኛ ሲወጣ አንድ ድምፅ ሰጪ ብቻ አንደኛ አድርጎት ነበር።

ውጤቱ ክርክሩን አልዘጋውም፤ ሁለቱም ወገን ከአንዱ ጨዋታ የየራሱን መደምደሚያ ወሰደ። አንደኛው ወገን ቡድኑ ሁሉን አሸንፎ ሻምፒዮን የሚሆንበት መንገድ ካልነበረ ጉድለቱ የሥርዓቱ ነው አለ። ሌላው ወገን ለአንድ ጨዋታ ሳምንታት የተዘጋጀ ቡድን በማታለያ ሊያሸንፍ ይችላል፤ በየሳምንቱ ከጠንካሮች ጋር መጫወት ግን ሌላ ነው አለ። ቀጣዮቹ ዓመታት ለሁለቱም ማስረጃ ሰጡ። በ2008 ሹገር ቦውል ሃዋይ በጆርጂያ 41 ለ 10 ተሸነፈ፤ በ2009 በዚያው ቦውል ዩታ አላባማን 31 ለ 17 አሸነፈ። በ2010 ፊየስታ ቦውል ከስድስቱ ኮንፈረንሶች ውጭ የሆኑት ቦይዚ ስቴትና ቲ.ሲ.ዩ. እርስ በርስ እንዲጋጠሙ ሲደረግ ብዙ ደጋፊዎች ታላላቆቹን ከሽንፈት ለማዳን የተደረገ ነው ሲሉ ቅሬታ አሰሙ፤ ቦይዚ ስቴት 17 ለ 10 አሸነፈ። በሥርዓቱ ዘመን በሙሉ ከስድስቱ ውጭ የሆኑ ቡድኖች ከስድስቱ ጋር ካደረጓቸው ስድስት የቢ.ሲ.ኤስ. ጨዋታዎች አራቱን አሸንፈዋል።

ቢ.ሲ.ኤስ. ከ2013 የውድድር ዘመን በኋላ ቀርቶ በአራት ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ተተካ። በ2024 የቡድኖቹ ቁጥር 12 ሲደርስ፣ በደረጃ ከፍ ያሉ አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች እንዲገቡ ዋስትና ተሰጠ። በዚያው ዓመት ቦይዚ ስቴት ሦስተኛ ተመድቦ የመጀመሪያውን ዙር ያለ ጨዋታ አለፈ። ዲሴምበር 31 ቀን 2024 በዚያው ፊየስታ ቦውል፣ ስሙ ስቴት ፋርም በተባለው በዚያው ስታዲየም ተጫውቶ በፔን ስቴት 31 ለ 14 ተሸነፈ። ቡድኑ ከዚያ በፊት በፊየስታ ቦውል ያደረጋቸውን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ነበር። በ2007 ከነበረው የሚለየው፣ በዚህ ጊዜ ቢያሸንፍ ኖሮ ወደ ሻምፒዮናው የሚያደርሰው ቀጣይ ዙር የነበረው መሆኑ ነው።