ከዋድላ መንገድ እስከ ባሕር ውስጥ ገመድ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቃል ወደ ባሕር ማዶ
(ለሕዝብ ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ የታሪክ ሰው ጉዳይ አይመስልም። አንድ ድረ ገጽ ባሕር ማዶ ላለ ጎብኚ ፈጥኖና ሳይቋረጥ እንዲደርስ ማድረግ የመሐንዲሶች ሥራ ነው ይባላል። ነገር ግን የነገሩ ሥር ቃል ሩቅ አገር የሚደርስበት መንገድ ነውና፣ በዚህ ረገድ ደብረ ታቦርና ከእርሷ በስተ ምሥራቅ ያለው አገር የቆየ ልምድ አላቸው፤ ልምዱም አብዛኛው መራራ ነው።

በጥቅምት 1862 ዓፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ለቆንስል ካሜሮን ሰጡ። ደብዳቤው በየካቲት 1863 ለንደን ገባ። ከደጋ ወርዶ ባሕር ለሚሻገር መልእክት ሦስት ወር ተኩል ለዚያ ዘመን መዘግየት አይባልም። የዘገየው መንገዱ አልነበረም። ደብዳቤው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከገባ በኋላ መልስ ሳይጻፍለት ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ካሜሮን በጥር 1864 ታሰረ፤ የንግሥቲቱ መልስ የተጻፈው ከዚያ በኋላ በግንቦት ነው። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳምም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጥር 1866 ነበር።

የዛሬ መሐንዲሶች እነዚህን ሁለት መዘግየቶች ለያይተው ይለካሉ፤ መልእክቱ በመንገድ ላይ የሚፈጀው ጊዜና ተቀባዩ ሰርቨር መልስ አዘጋጅቶ እስኪሰጥ የሚፈጀው ጊዜ። «ገጹ ከውጭ አገር አይከፈትም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ብዙ ሰው መንገዱን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እንደ 1863ቱ መዝገብ ቤት ነው።

የዚያ ዝምታ መጨረሻ በዚህ አገር ላይ አለፈ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1867 መገባደጃ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። ወደ ዋድላና ደላንታ የሚወስደው መንገድ የጋይንትን ደጋ የሚያቋርጥ ነው። መንገዱ እየተጠረገና ድንጋዩ እየተፈነቀለ ሠራዊቱ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት 1868 ነበር፤ ወር ሳይሞላም ሚያዝያ 13 ቀን አምባው ተያዘ። ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ያሰቧቸው መጻሕፍት ከሌላው ምርኮ ጋር ተጓዙ፤ ጭነቱን የተሸከሙት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ከእነዚህ ብራናዎች 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

እንግዲህ «የባሕር ማዶ ጎብኚ» ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖረውን ወገናችንን እናስባለን። ነገር ግን የአባቶቹን መጽሐፍ ለማየት ወደ ለንደን ሰርቨር የሚገባው የነፋስ መውጫ፣ የወገዳ ወይም የመካነ ኢየሱስ ተማሪ ራሱ የባሕር ማዶ ጎብኚ ነው። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡትና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካታሎግ ሲያዘጋጁላቸው የኖሩት በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችም በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሆነው ነው ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ የሚነበቡት። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ነፋስ መውጫ ላይ አንድ የብራና ገጽ በስልኬ ልከፍት ሞክሬ የሐረጉ ግማሽ ብቻ ታይቶ ቆመ። ጽሑፉ ጋ ሳይደርስ፤ በጌጡ አፈዘዘኝ እንጂ።

በ2023 የሆነውንም ልብ በሉ። በነሐሴ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ጥቃት ተመታ፤ በዲጂታል የተነሡት ብራናዎቹም ለብዙ ወራት ከድረ ገጹ ጠፉ። አንባቢውም መጽሐፉም በአንድ ወቅት ተዘጉ ማለት ነው። በየካቲት 2024 ደግሞ በቀይ ባሕር የተዘረጉ ገመዶች ተበጥሰው የምሥራቅ አፍሪካ ግንኙነት ተጎዳ። ወደብ ለሌለው አገር የባሕር ገመድ የሚደርሰው በጎረቤት በኩል ነውና፣ ጉዳቱን በሩቅ ሆነን የምንሰማው አይደለም።

ርቀቱን በቁጥር እንየው። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ 115 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ግን ቀይ ባሕርን፣ ሜዲትራኒያንንና አትላንቲክን ዞሮ ስለሚሄድ ከ200 ማለፉ የተለመደ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አሳሹና ሰርቨሩ ገና የመጀመሪያዋን ፊደል ሳይለዋወጡ ይተዋወቃሉ፣ የምስጢር ቁልፍ ይስማማሉ፤ በአሮጌው ሥርዓት ይህ ብቻ ሦስት ምልልስ ነበር። በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 አንዱን ምልልስ ቀንሷል። ገጹ ከዚያ በኋላ ከመቶ ቦታ ቁርጥራጭ የሚለቅም ከሆነ ግን ያ ቁጠባ አይታወቅም።

ብርሃንን ማፍጠን አይቻልም። የሚቻለው መንገዱን ማሳጠር ነው፤ ይኸውም ቅጂውን ወደ አንባቢው ማቅረብ። በ1998 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች የተመሠረተው አካማይ የተባለው ኩባንያ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ምንጩ አንድ ቦታ ይኖራል፤ ቅጂዎቹ በየአህጉሩ ይቀመጣሉ፤ ጎብኚው ከቅርቡ ይወስዳል፤ ቅጂው ሲያረጅ ከምንጩ ጋር ይመሳከራል።

ይህ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ በየአገሩ፣ በየደብሩ ይማራል፤ መጽሐፉንም በእጁ ይጽፋል። ሊቅነቱ የሚጸናው ግን ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ሲያስመሰክር ነው። ጎጃም ያለ ቅጂ ተሳስቶ እንደ ሆነ ቤተልሔም ታርመዋለች፤ ቤተልሔም መድረስ ያልቻለ ምእመንም በደብሩ ዜማውን ያገኛል። መሐንዲሶች ይህን አወቃቀር ከእኛ ወሰዱት ልል አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ትምክህት ለታሪክ አይጠቅምም። ችግሩ አንድ ስለ ሆነ መፍትሔው ተቀራረበ።

ስለዚህ የአገሩን ብራናዎች የሚያሳይ ድረ ገጽ ሲታሰብ «ውጭ አገር ይቀመጥ፣ ይሻላል» የሚለውን ምክር በግማሹ ብቻ እቀበለዋለሁ። ቅጂው ውጭ ይቀመጥ፤ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታም ይሁን። ዋናው ፋይልና የማረም ሥልጣን ግን እዚህ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቋረጥ የቅርብ ቅጂው ያገለግል ዘንድ። ምንጩን ባሕር ማዶ አድርጎ እዚህ ጎብኚ ሆኖ መቅረት በ1868 ከደረሰብን ብዙም አይለይም፤ ያውም በዚህ ጊዜ በፈቃዳችን።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር ልበል። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድረ ገጾች አማርኛን እንደ ሥዕል ወይም እያንዳንዱ ጎብኚ በሚጭነው ልዩ ፎንት ያሳዩ ነበር። ዛሬ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ብቻ ነው፤ አንድ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ከአንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ ይቀላል። ልማዱ ግን አልለቀቀንም፤ ዛሬም ማስታወቂያ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። የብራና ሥዕል በእርግጥ ከባድ ነው፤ እርሱም ቢሆን በትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ሲቀመጥ አንባቢው ያጎላውን ክፍል ብቻ ያወርዳል። የሐረጉ ጌጥ ቀርቶ ጽሑፉ መጀመሪያ እንዲመጣም ማዘዝ ይቻላል፤ ነፋስ መውጫ ላይ የጎደለኝ እርሱ ነበር።